«ገዢ»፣ «ሸፋኝ» ወይስ «ጠላፊ»? የድንች ልጣጭ ቀለም ቃላት

ፊደል ገበታ፦ «ሐምራዊ ቀለም የሚያወጣው የድንች ጂን በቀዩ ላይ ገዢ ነው» የሚል ትርጉም አየሁ። «ገዢ» እዚህ ቦታው ነው? «ቀይ ድንች» ሲባልስ ልጣጩ ነው ሥጋው?

ዘር ቆጣሪ፦ ቦታው አይደለም። ገዢና ተገዢ የሚባባሉት በአንድ ወንበር፣ ማለትም በክሮሞሶም (ጂኖች በተደረደሩበት ክር) ላይ ባለ አንድ ቦታ፣ የሚፈራረቁ የአንድ ጂን ቅጂዎች ናቸው። ትልቁ «ፒ» (P፣ ሐምራዊ የሚያወጣው ቅጂ) በትንሹ «ፒ» (p፣ በማያወጣው) ላይ ገዢ ነው፤ እዚያ ላይ ቃሉ ልክ ነው። ቀዩን የሚያወጣው «አር» ግን 2ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ሐምራዊውን የሚያወጣው «ፒ» ደግሞ 11ኛው ላይ ነው ያለው። ወንበራቸው ለየቅል ነው።

ሦስተኛም አለ፤ «ዲ» (ተመራማሪዎቹ ዶድስና ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጡት ሥራ «አይ» ያሉት) 10ኛው ክሮሞሶም ላይ። የእሱ ሥራ ማብሪያ ማጥፊያነት ነው፦ ሌሎቹን የቀለም ጂኖች ልጣጩ ላይ ይቀሰቅሳል። እሱ ከሌለ «ፒ»ም «አር»ም ቢኖሩ ልጣጩ ነጭ ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ከነጭ ተዳቅሎ ሐምራዊ ሊወልድ ይችላል፤ አንዱ ወላጅ «ዲ» ብቻ፣ ሌላው «ፒ» ብቻ ሲኖረው። ፍሬው ተደባለቀ ብሎ ከመካሰስ በፊት ይህን ማየት ነው።

አራሚው፦ እንግዲያው የአንድ ወንበር ጂን የሌላውን ወንበር ሥራ ሲከልል የሚባልበት ቃል እንፈልግ። ከ«ጋረደ» ወጥቶ «ጋራጅ» ጥሩ ነበር፤ ግን «ጋራጅ ጂን» ብንል አንባቢው መኪና ሊያሠራ ይመጣል። «ሸፋኝ» ይሁን።

የቀለም ቀንድ፦ «ሸፋኝ» ደግሞ ሌላ ስሕተት ያስተምራል። አንባቢው ከሐምራዊው ሥር ቀይ ተሸፍኖ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሥራውን እንየው። ቀለሙ አንቶሲያኒን ነው፤ የሚሠራውም በደረጃ ነው። መነሻው ንጥረ ነገር እንዳለ ወደ ታች ከወረደ «አር» የሚያመርተው ኤንዛይም (የኬሚካል ለውጥ የሚያካሂድ ፕሮቲን) ተቀብሎት ወደ ፔላርጎኒዲን ያመራል፤ ቀይ ይሆናል። «ፒ» ካለ ግን ኤንዛይሙ ገና ከላይ ሁለት ሃይድሮክሲል ይጨምርበትና ወደ ሐምራዊው፣ በተለይ ወደ ፔቱኒዲን፣ ያዞረዋል። ቀዩ አልተሸፈነም፤ ጥሬ ዕቃው ሌላ መስመር ገባበት። ገበሬ ወንዙን ከላይ ጠልፎ ወደ ማሳው ሲያገባው ማለት ነው። «ጠላፊ» እላለሁ።

አራሚው፦ «ጠላፊ» ሲባል ሰው የሙሽራ ጠለፋ ነው የሚታወሰው።

የቀለም ቀንድ፦ መስኖ ጠለፋም አለ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «መስመሩን የሚጠልፍ» ብሎ አንዴ ማብራራት ይበቃል።

ዘር ቆጣሪ፦ «ጠላፊ» ይዋጥልኛል። ተርጓሚው ሌላ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ 3 ለ 1 (ሦስት ሐምራዊ ለአንድ ሐምራዊ ያልሆነ) የሚለው የትምህርት ቤት ስሌት። የተለመደው ድንች የእያንዳንዱ ክሮሞሶም አራት ቅጂ አለው፤ በጠቅላላ 48። ትልቁ «ፒ» ከአራቱ አንዱ ብቻ ሲሆን ራሱን ሲያዳቅል 3 ለ 1 ይወጣል። ሁለት ከሆነ ግን 35 ለ 1 ነው። 30 ችግኝ አብቅሎ ሁሉም ሐምራዊ ሆነ፣ ስለዚህ ዘሩ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ ከ36 አንዱን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማየት ወደ 107 ችግኝ ያስፈልጋል። አቋራጩ ምንም «ፒ» ከሌለው ነጭ ጋር ማዳቀል ነው፦ ያኔ 5 ለ 1 ስለሚሆን 17 ችግኝ ይበቃል። ነጩ ግን «ዲ» በአራቱም ቅጂ ቢኖረው ይመረጣል፤ አለበለዚያ ነጭ የወጣው በየትኛው ጂን ምክንያት እንደሆነ አይለይም።

ፊደል ገበታ፦ «ቀይ»ስ?

ሰርገኛ፦ በአማርኛ «ቀይ» ሰፊ ቃል ነው። ቀይ ጤፍ ቡናማ ነው፣ ቀይ ሽንኩርት ሐምራዊ ነው፣ ማንም አይከራከርም። በደቡብ አሜሪካው የኬችዋ ቋንቋም ጥቁር ሐምራዊው ድንች «ያና» ይባላል፤ ጥቁር ማለት ነው። «ቀይ ድንች» በተለምዶ ልጣጩን ነው የሚያመለክተው፤ ሥጋው ነጭ ወይም ቢጫ ሊሆን ይችላል። የሥጋው ቢጫ ካሮቲኖይድ የሚባል ሌላ ቀለም ስለሆነ ውሃ ውስጥ አይለቅም፤ የጂኑም ወንበር ሌላ ነው፣ 3ኛው ክሮሞሶም።

ቀይ ሥርን ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ ደግሞ አይገባም፤ የእሱ ቀለም ቤታላይን እንጂ አንቶሲያኒን አይደለም፤ ሁለቱ ቀለሞች አንድ ተክል ላይ አብረው አይገኙም። ለመለየት 50 ግራም የድንች ልጣጭ በ200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ ለሁለት ብርጭቆ መክፈል። አንዱ ላይ ሎሚ፦ ይቀላል። ሌላው ላይ ቤኪንግ ሶዳ በቁንጥጫ፦ የሐምራዊው ልጣጭ ውሃ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሶዳው ከበዛ ቀለሙ ፈርሶ ይበጫል፤ ብዙ ሰው «አልሠራም» የሚለው ያኔ ነው። የቀይ ሥር ውሃ በሎሚ ብዙም አይለወጥም።

የቀለም ቀንድ፦ «አረንጓዴ ድንች» የሚባል ዘር ግን የለም። ብርሃን ያገኘ ድንች ክሎሮፊል ይሠራል፤ መራራው መርዝ ሶላኒንም አብሮ ይጨምራል። ቀይ ልጣጭ አረንጓዴውን ስለሚደብቅ በጥፍር ጫር አድርጎ ማየት ነው። ይሄኔ «ሸፋኝ» ትክክለኛ ቃል ነው።

አራሚው፦ ቀለሙ በድንቹ ዓይን (በሚበቅልበት ጉድጓድ) ዙሪያ ብቻ የሆነውንስ? እንደ እንግሊዙ የድንች ዝርያ ኪንግ ኤድዋርድ፣ ነጭ ሆኖ ዓይኖቹ ሮዝ የሆኑ። «ሰርገኛ» ይባል?

ሰርገኛ፦ ስሜን ወዳችሁት ነው እንጂ አይሆንም። ሰርገኛ ነጭና ቀይ ፍሬ ሲደባለቅ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ መልክ አለው። አንድ ድንች ላይ ሁለት መልክ ሲሆን «ዝንጉርጉር»፣ እንደ ነብሩ። ነጭና ቀይ ድንች የተደባለቀበትን ጆንያ ግን ሰርገኛ በሉት።