የ1992 ኮሮላ ሚኒሞው 2,000 ላይ ቆሞ አልወርድ አለ፤ ነገ ጠዋት ሐረር መውጣት አለብኝ

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ 1.3 ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1992 ሞዴል። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እግሬን ከቤንዚን ፔዳሉ ላይ ባነሳም ሚኒሞው (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) 2,000 ላይ ይቆማል። ሞተሩ ሲሞቅም አይወርድም። መኪናውን በቅርቡ ነው ከአዲስ አበባ ገዝቼ ያመጣሁት። ጎረቤቴ «አዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና ድሬዳዋ ሲወርድ በከፍታው ልዩነት ሚኒሞው ይጨምራል፤ ብሎኑን ነካ አድርገው» ብሎኛል። ነገ ጠዋት እናቴ ሐረር የዓይን ሕክምና ቀጠሮ አላት። ብሎኑ የት ነው ያለው? ወደየትኛው ጎን ነው የሚዞረው?

ካቻቢቴ
ቀላል ነው። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ጎን ላይ በሞላ የተያዘ ብሎን ታገኛለህ። ሞተሩ ሞቆ እያለ ወደ ግራ ቀስ እያልክ አላላው፤ 800 አካባቢ ሲደርስ ተወው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የጀጎል ልጅ
ፔጆ 404 ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር! እኛ ሐረር ከተሠራች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፋትን ፔጆ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ እንኖርባታለን። ወንድሜ፣ ሐረር ስትደርስ ና፤ ሸዋ በር አጠገብ ሻይ እጋብዝሃለሁ፣ መኪናህንም አብረን እናያታለን።

ገንደ ቆሬ
ሰሞኑን የራዲያተሩ ውሃ ተነክቷል?

መምህር ዘለገሃር
ብሎን ከመንካት በፊት አንድ ነገር ይጣራ፤ መኪናው ካርቡሬተር ነው ወይስ ኢንጀክተር (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ)? የዚያ ዘመን ኮሮላ 1.3 በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል፤ 2ኢ የሚባለው ሞተር ካርቡሬተር አለው፣ 4ኢ-ኤፍኢ የሚባለው ደግሞ ኢንጀክተር ነው። ጠያቂው ይህን ሳይነግረን ካቻቢቴ መልስ መስጠቱ ትክክል አይደለም።

ስለ ከፍታው የተነገረህንም አልቀበልም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ እንደሚለያዩ እውነት ነው፤ እዚህ አየሩ ወፍራም ነው። ካርቡሬተር ያለው መኪና በዚህ ምክንያት ሚኒሞው ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ኢንጀክተር ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ያስተካክላል። በየትኛውም ቢሆን ከፍታ ዙሩን በአንድ ከሰዓት ከ800 ወደ 2,000 አያዘልለውም። ደግሞስ መኪናው ከአዲስ አበባ የወረደው ትናንት አይደለም፤ ችግሩ የጀመረው ግን ትናንት ነው። ትናንት ምን ተደረገ?

ዋናው ነገር ይህ ነው። የቤንዚን ሞተር ዙሩን የሚጨምረው አየር ሲያገኝ ነው። እግርህን አንስተህ ሳለ ዙሩ ከፍ ካለ፣ አየር በሆነ መንገድ እየገባ ነው። ወይ ፔዳሉ የሚከፍተው የአየር በር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ወይ አንድ ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ወይ ለቀዝቃዛ ሞተር የተሠራው ተጨማሪ የአየር መግቢያ ክፍት ቀርቷል። ብሎኑን ማዞር ቀዳዳውን አይደፍነውም።

ካቻቢቴ
ብሎኑን አላላው አልኩ እኮ። ስንት መኪና በዚህ ተስተካክሏል። ካልወረደ ቱቦዎቹ ላይ ቤንዚን ርጨት አድርግ፤ ዙሩ የሚለወጥበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

የደቻቱ ማዶ
ቤንዚን አይረጭም! የጋለ ማርሚታና የካንዴላ ሽቦ አጠገብ ቤንዚን መርጨት መኪናውንም ሰውየውንም ማቃጠል ነው። የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ይበቃል። አየር ማስገቢያው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ጋስኬት ዙሪያ እርጠብ አድርገው፤ ቀዳዳ ካለ ውሃው ለአፍታ ይደፍነዋል፣ ዙሩም ይወርዳል። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልለህ በፒንሳ ጨመቅ አድርግ። ስትጨምቀው ዙሩ ከወረደ ጥፋቱ በዚያ መስመር ላይ ነው። በእኛ ሙቀት ጎማ ቶሎ ይደርቃል፤ ላዩ ደህና መስሎ ጫፉ ላይ፣ ማጥበቂያው ቀለበት (ፋሸታው) ሥር ይሰነጠቃል።

ከሁሉ በፊት ግን የቤንዚን ፔዳሉን ገመድ እይ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍተህ ገመዱን በጣትህ ስትነካው ጥቂት ላላ ማለት አለበት። ከተወጠረ በሩን ይዞታል። ምንጣፉም ፔዳሉ ላይ እንዳልወጣ አረጋግጥ።

የደንገጎ ሹፌር
ስለ ብሎኑ ለባለሙያዎቹ ልተው፤ ስለ መንገዱ ግን ስሙኝ። ስትመለስ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት ማርሽ ቀንሰህ፣ ሞተሩ እንዲይዝህ አድርገህ ነው የምትወርደው። በራሱ 2,000 የሚዞር ሞተር እንደሚገባው አይዝም፤ በዝቅተኛ ማርሽ ጭራሽ ይገፋሃል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ እየረገጥከው አይታዘዝም። ይህን መንገድ ስመላለስበት ኖሬአለሁ፤ የጋለ ፍሬን ሽታ ስንት ጊዜ ከፊቴ ካለ መኪና እንደመጣብኝ አውቃለሁ። እናትህን ይዘህ ነው የምትሄደው። እስከ ማታ ካልተስተካከለ በሚኒባስ ውሰዳቸው፤ ቀጠሮው አያልፍም፣ መኪናውም ቤት ቆሞ ይጠብቅሃል።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኢንጀክተር ነው፤ ኮፈኑ ሥር 4ኢ-ኤፍኢ የሚል አይቻለሁ። ገመዱ ላላ ብሏል፣ ምንጣፉም ደህና ነው። የፍሬኑን ቱቦ ስጨምቀው ምንም ለውጥ የለም። አዎ፣ ትናንት ጠዋት የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ስለተቀደደ ሠፈር ውስጥ አስቀይሬዋለሁ። ግን እሱ የውሃ ነገር ነው፤ ከዙር ጋር ምን ያገናኘዋል? ብሎኑን ብቻ ብትነግሩኝ እኮ ይሻላል።

ገንደ ቆሬ
አገኘነው። ብሎኑን እርሳው፤ ከፋብሪካ የተለካ ነው፣ ከነካኸው ነገ ሌላ ችግር ትጨምራለህ። በዚያ ዘመን የቶዮታ ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ ትሮትል ቦዲው ሥር (አየር የሚያስገባው በር ያለበት ዕቃ ነው) ሰም ያለበት ትንሽ መዝጊያ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን መዝጊያው ይከፈትና ተጨማሪ አየር ያስገባል፤ ጠዋት ስታስነሳ ዙሩ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። የሞቀው የራዲያተር ውሃ በቀጭን ቱቦ መጥቶ ሰሙን ሲያሞቀው ሰሙ ያብጣል፣ መግቢያውን ይዘጋል፣ ዙሩም ይወርዳል። ቱቦውን የቀየረልህ ሰው ውሃ ሞልቶ አየሩን ካላስወጣ፣ የሞቀው ውሃ እዚያ አይደርስም። ሰሙ ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ነው የሚያውቀው።

አሁን ሞተሩን አስነስተህ አሙቀው። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ትልቁን ቱቦ በጨርቅ ንካ፤ ቀጥሎ ትሮትል ቦዲው ሥር የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ንካ። ከማራገቢያው እጅህን አርቅ።

የለገሃር ታክሲ
ኤሲ ከፍተህ ይሆን? ኤሲ ሲበራ ዙሩ ይጨምራል።

መምህር ዘለገሃር
ኤሲ መቶ ሁለት መቶ ዙር ይጨምር ይሆናል፤ 2,000 አያደርሰውም። ገንደ ቆሬ ያለው ትክክለኛ ነው። እኔ የምጨምረው፣ የውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰርም በአየር ከተከበበ ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል። መሣሪያ ያለው ሰው ይለካው፤ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተህ ቁልፉን ስትከፍት የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለት ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ ሁለት ብልጭታ ካየህ የብልሽቱ ቁጥር 22 ነው፤ የሙቀት ሴንሰሩን መስመር ያመለክታል። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ካለ የተመዘገበ ብልሽት የለም።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)
ትልቁ ቱቦ ይፋጃል። ቀጫጭኖቹ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው! ራዲያተሩን አሁን ልክፈተው?

የደቻቱ ማዶ
አይሆንም! የጋለ ራዲያተር ስትከፍት የፈላው ውሃ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። አጥፋውና ጨርቅ ሳያስፈልግህ በባዶ እጅህ እስክትይዘው ድረስ ይቀዝቅዝ፤ ቸኩለህ አትንካው።

ገንደ ቆሬ
ከቀዘቀዘ በኋላ እንዲህ አድርግ። አፍንጫው ወደ ላይ እንዲያይ ዳገት ላይ አቁመው፤ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ክዳኑን ክፈትና እስከ አፉ ሙላ። የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ አስነሳና ጠብቅ። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው መዝጊያ) 82 ዲግሪ አካባቢ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፣ አረፋም ይወጣል፤ እየጨመርክ ሂድ። አረፋው ሲያቆምና ቀጫጭን ቱቦዎቹ ሲሞቁ ዙሩ ራሱ ሲወርድ ትሰማዋለህ። ከዚያ ክዳኑን ግጠም፣ የትርፍ ውሃ መያዣውንም ሙላ።

ውሃው ሞልቶ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ቀጫጭኖቹ አሁንም ከቀዘቀዙ ተደፍነዋል ማለት ነው። የድሬዳዋ ውሃ ጠንካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እነዚያ ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። ተፈትተው መጠረግ አለባቸው፤ ያ ደግሞ የጋራዥ ሥራ ነው። ወደፊት ከቧንቧ ውሃ ይልቅ የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር ቀላቅለህ ተጠቀም።

የደንገጎ ሹፌር
እንግዲያው ይህ የሚኒሞ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውስጡ አየር ያለበት ሞተር ደንገጎን ሲወጣ ይፈላል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከተጣመመ ወጪው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ውሃውን ሳትሞላ አትነሣ። ጠዋትም ከመውጣትህ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንደገና እየው፤ አየር ሌሊቱን ወጥቶ ውሃው ሊጎድል ይችላል።

ካቻቢቴ
የእኔ መልስ ካርቡሬተር ላላቸው ይሠራል።

የመጋላ ዲኤክስ
እንግዲያው የእኔን መልሱልኝ። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ካርቡሬተር። ጠዋት ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር የሚሳበውን እጀታ) ስቤ አስነሳታለሁ፣ መልሼ ስገፋው ግን ዙሩ 1,500 ላይ ይቀራል። ፔዳሉን በኃይል ረግጬ ስለቀው ይወርዳል።

ካቻቢቴ
ረግጠህ ስትለቀው ከወረደ የአንተም ብሎን አይነካም። የቾኩ ገመድ ደርቆ ወይም ቆሽሾ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ካርቡሬተሩ ጎን ያለችው ደረጃ ያላት ቁራጭ ብረት በሩን ደግፋ ትቀራለች። ሌላ ሰው ቾኩን እየገፋ አንተ ብረቷን እያት፤ እስከ መጨረሻው ካልወረደች መገጣጠሚያዎቿን አጽዳ፣ ገመዱን በቀጭን ዘይት አለስልስ። ካልሠራ ገመዱን ቀይረው።