ዴሪቬቲቭ፣ ፍጥነት፣ ማርጂናል ኮስት፦ ሁሉም «ስሎፕ» ከሆኑ ለምን ይምታቱብኛል?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማትስ ላይ ዴሪቬቲቭ፣ ፊዚክስ ላይ ቅጽበታዊ ፍጥነት፣ ኢኮኖሚክስ ላይ ማርጂናል ኮስት ይሉናል፤ ሁሉም ጋ «ያው ስሎፕ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቀመሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ ግን ይጠፋኛል። በተለይ አማካይና ማርጂናል። የኢኮኖሚክስ ግራፍ ላይ ደግሞ የማወጣው ስሎፕ ሁሌ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ከየት ልጀምር?

ቀመረኛ፦
እህቴ፣ ቀመሩን ተይውና ከዩኒቱ ጀምሪ። ስሎፕ የቋሚው መስመር ለውጥ ለአግድሙ ለውጥ ሲካፈል ነው፤ ዩኒቱም አብሮ ይካፈላል። ኪሎ ሜትር ለሰዓት ከሆነ ፍጥነት ነው፣ ብር ለእንጀራ ከሆነ ወጪ ነው። ዩኒቱን ሳትጽፊ ቁጥር አታስቀምጪ።

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ በ3 ሰዓት ከገባ አማካዩ በሰዓት 60 ነው። ሾፌሩ ፊት ያለው ቆጣሪ ግን አዲስ ዘመን ላይ ሲቆም 0፣ ፎገራ ሜዳ ላይ 80 ሊል ይችላል። ዴሪቬቲቭ የሚባለው ይሄ የቆጣሪው ንባብ ነው።

አሁን ወደ ወጪ። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ በቀን 100 እንጀራ ስትጋግር ጠቅላላ ወጪዋ 1,500 ብር፣ 120 ስትጋግር 1,740 ብር ነው እንበል። አማካዩ ከ15 ብር ወደ 14.50 ወረደ። ማርጂናሉስ፣ ማለትም የአንድ ተጨማሪ እንጀራ ወጪ? የተጨመረው 240 ብር ለተጨመሩት 20 እንጀራዎች ሲካፈል፣ 12 ብር። ፈተና ላይ ነጥብ የሚጣለው እዚህ ነው፤ 1,740ን ለ120 አካፍሎ «ማርጂናል» ብሎ መጻፍ። አማካዩ የወረደው አዲሶቹ እንጀራዎች ከ15 በታች ስለወጡ ነው። ሲጂፒኤሽም (የሁሉም ሴሚስተር አማካይ ውጤት) እንደዚያው ነው፤ የዚህ ሴሚስተር ውጤት ከእሱ ካነሰ ወደ ታች ይጎትተዋል። የቤት ኪራዩ እጥፍ ቢሆንስ? አማካዩ ይዘላል፣ ማርጂናሉ ንቅንቅ አይልም፤ ኪራይ በእንጀራ ቁጥር አይጨምርም አይቀንስም።

ቅዳሜ_ገበያ፦
የተገለበጠብሽ ስሎፕ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ማትስ ላይ የሚወሰነው ነገር ቋሚው መስመር ላይ ይቀመጣል። ኢኮኖሚክስ ላይ ግን መጠኑ በዋጋ ይወሰናል እየተባለ ዋጋው ቋሚው መስመር ላይ ይሳላል። ከኢኮኖሚስቱ ከአልፍሬድ ማርሻል ዘመን ጀምሮ የተለመደ ነው፤ ማንም አላስተካከለውም።

የፍላጎት መጠን = 100 − 2 × ዋጋ ይሁን። ዋጋው 10 ሲሆን 80፣ 20 ሲሆን 60 ይገዛል። ቀመሩ ላይ ያየሽው −2 ነው። ግራፉ ላይ ግን የዋጋው ለውጥ 10 ለመጠኑ ለውጥ −20 ይካፈላል፣ −0.5። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጥያቄው የትኛውን እንደሚፈልግ አንብቢ።

ስሎፕና ኢላስቲሲቲ (ዋጋው 1 በመቶ ሲለወጥ መጠኑ በስንት በመቶ እንደሚለወጥ) ደግሞ አንድ አይደሉም። −2ን በዋጋ አባዝተሽ ለመጠን አካፍይ፦ ዋጋው 10 ላይ −0.25፣ 20 ላይ −0.67 ገደማ ይመጣል። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ስሎፑ ያው፣ ኢላስቲሲቲው ግን በየነጥቡ ይለያያል።

ነጭ_ጋወን፦
ከላብ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። ውሃ አፍልታችሁ የሙቀትና የሰዓት ግራፍ ስትሠሩ መስመሩ 93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ ይተኛል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ውሃውም 100 ሳይደርስ ይፈላል። እዚያ ላይ ስሎፑ 0 ነው። ሙቀት መግባቱ ቆሟል ማለት ግን አይደለም፣ የሚገባው ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት መቀየሪያ ሆኖ ነው።

ሁለተኛው ካልኩሌተር ነው። ሳይን 30 ስትይው 0.5 ካላለሽና −0.988 ካመጣ ራዲያን (ከዲግሪ ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው። ፊዚክስ ላይ ማዕዘኑ በዲግሪ ከተሰጠ ወደ ዲግሪ መልሺው። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን ነው የሚለው ሕግ ግን በራዲያን ብቻ ነው የሚሠራው።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የእንጀራው በደንብ ገባኝ። አውቶቡሱ በ60 ሄዶ በ40 ቢመለስ አማካዩ 50 ነው አይደል?

ቀመረኛ፦
አይደለም፣ 48 ነው። መሄጃው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 4 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ 360 ኪሎ ሜትር ለ7.5 ሰዓት አካፍይው። በ40ው ረዘም ላለ ሰዓት ስለነዳ ወደዚያ ያዘነብላል። 50 የሚመጣው በሁለቱም ፍጥነት እኩል ሰዓት ቢነዳ ነበር።