ሽታ ለራቃቸው አረጋውያን ጨው ሳንጨምር ወጡን እንዴት እናጣፍጠው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ለአረጋውያን ምግብ እናበስላለን፤ አብዛኞቹ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው፣ ደም ግፊት ያለባቸውም ብዙ። «ወጡ አይጣፍጥም፣ ጨው ጨምሩ» የሚለው ቅሬታ አላባራ አለን። በዕድሜ ከምላስ ይልቅ የሚደክመው አፍንጫ ነው። ስናኝክ በጉሮሮ ጀርባ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ ከሌለ ሽሮውም ምስሩም አንድ ይሆናል፤ ጨው ይህን አይተካም። የቀኑም ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማነስ አለበት፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ።

መከለሻውን ወጡ ሊወርድ ሲል ነው የምንጨምረው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ለዓሣ ሾርባው ሎሚ ገበታ ላይ ይጨመቃል። ሚጥሚጣ ያቃጥላል እንጂ ሽታ አይሆንም፤ ጨጓራ ያለባቸውማ አይነኩትም።

የተቸገርንበት፦ ምግቡ 5 ሰዓት ተሠርቶ የሚበላው 7 ሰዓት ነው። ዳግም ሲሞቅ የኮረሪማው ሽታ የለም። ቅቤ ሳንጠቀም ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በዘይት አሙቆ በየሳህኑ ጠብ የሚያደርግ አለ? ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ምን ያህል ቅመም? ቅመሙ እንዳያርርስ ምን ይደረግ?

ሌላው የደከመውን አፍንጫ ለማገዝ የሚደረገው የሽታ ልምምድ ነው፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ፣ ጠዋትና ማታ፣ እያንዳንዱን 20 ሰከንድ ያህል ማሽተት፣ ቢያንስ ለ3 ወር። (ሽታው በድንገት የጠፋበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።) የጽጌረዳ ዘይት አጣን፤ በጤና አዳም የተካ አለ? የተወቀጠ ቅርንፉድስ በብልቃጥ ስንት ቀን ይቆያል?