የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጉዞ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢ ጉባኤያት (የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረቶች) የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ (ደሴ)፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ጉዞው ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ነው። ከኮምቦልቻ 26፣ ከደሴ 28 ተመዝግበዋል፤ በድምሩ 54፣ ከነዚህም 25ቱ እኅቶች ናቸው። ቀኑን ኅዳር 26፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል እናድርገው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ለበረከቱ ጥሩ ነበር፤ ግን በበዓሉ ምእመኑ ብዙ ነው፣ መኪናም ይወደዳል፣ አዲስ ልጅ ደግሞ በሕዝብ መሀል ይጠፋል። ከበዓሉ በኋላ ያለው ቅዳሜ ይሁን። ጾመ ነቢያት ቢሆንም ቅዳሜ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም፤ ቁርስ ማብላት እንችላለን።

ትራንስፖርት (ኮምቦልቻ)፦ ሁለት ቅጥቅጥ (መለስተኛ አውቶቡስ) ይበቃል፤ አንዱ ከእኛ፣ አንዱ ከደሴ ይነሳ። የእኛ መኪና ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት እንዳይነሳ፤ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ካለ ጠመዝማዛው በጨለማ አይሞከርም። 1 ሰዓት ደሴ፣ 2 ሰዓት ሐይቅ እንደርሳለን። ለመልስ ከሐይቅ 9 ሰዓት ተኩል ከተነሳን ሳይመሽ ኮምቦልቻ እንገባለን። ውሉ ላይ «ደርሶ መልስ፣ ነዳጅና የቆይታ ሰዓት ጨምሮ» ተብሎ ይጻፍ። በቃል የተስማማ ሹፌር ነዳጅ በጥቁር ገበያ ገዛሁ ብሎ ቀን ሲደርስ ዋጋ ይጨምራል። ቀብድም ከሲሶ አይብለጥ።

ምግብ ክፍል (ደሴ)፦ ሹፌሮቹንና ረዳቶቹን ሁሌ እንረሳለን፤ ስለዚህ 58 ሰው ብዬ አስልቻለሁ። እንጀራ ለሰው ሁለት፣ ከመጠባበቂያው ጋር 120። ዳቦ 60። የሽሮ ዱቄት 4 ኪሎ ተኩል፣ ሽንኩርት 6 ኪሎ፣ ዘይት 3 ሊትር። እንጀራው ዓርብ ይጋገር፤ ሳይበርድ ከተደራረበ ግን ያልበውና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቅዳሜ ስንገልጠው ይቀደዳል።

ሽሮውን ሠርቶ መሄድ አይመከርም። ከ12 ሰዓት ጀምሮ በመኪና ሲናጥ ቆይቶ ምሳ ላይ ረግቶ ይጠብቀናል። ቁሌቱ ብቻ ዓርብ ማታ በደንብ ይብሰል፣ ይቀዝቅዝ፣ ክዳኑ በጨርቅ ታስሮ ይጫን። እዚያ ውሃ አፍልተን ቁሌቱን ጨምረን ዱቄቱን እንበጠብጣለን። ሁለት ትልልቅ ድስት በከሰል ለመፍላት 1 ሰዓት ተኩል ስለሚፈጁ እንደደረስን ይለኮስ፤ ከነፋስ የሚከልል ቦታም አስቀድሞ ይመረጥ። ለመጠጥ በሰው 1 ሊትር ተኩል ስናስብ 87 ሊትር ነው፤ 5 ባለ 20 ጀሪካን። የሽሮው ውሃ ለብቻው 6ኛ ጀሪካን ነው፤ ካልተለየ ከመጠጡ ይቀነሳል።

ሐይቅ ሄዶ ዓሣ አለመብላት ለሚከብደው፦ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንክፈተው። በጋራ ማዕድ ላይ የለም።

የእኅቶች ተወካይ (ኮምቦልቻ)፦ በረቂቁ ላይ «ገዳሙን መጎብኘት፣ ለ2 ሰዓት፤ እኅቶች ዕረፍት» ይላል። ወደ ወንዶች ገዳሙ ሴት እንደማትገባ እናውቃለን፣ ሥርዓቱን እናከብራለን። ግን 25 ሰው በር ላይ 2 ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ዕረፍት አይባልም። ዋናው ትምህርት በዚያ ሰዓት ለእኛ ይሰጥ።

ትምህርት ክፍል (ደሴ)፦ እኅታችን ልክ ናት፤ ግን መምህሩ አንድ ነው፣ ለወንዶቹ ሲደግመው ሰዓቱ ያልቃል። ይልቅ ወንዶቹ 15 እና 14 ሆነው በሁለት ዙር፣ 40፣ 40 ደቂቃ ይግቡ። የገዳሙን ታሪክ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋሙትን ትምህርት ቤት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ መማራቸውንና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀውን የአራቱ ወንጌል ብራና መምህሩ ሁሉም ባለበት በሐይቁ ዳር አስቀድሞ ያስተምር። ወንዶቹ ሲገቡ ለእኅቶች የጥያቄና መልስ ጊዜ ይኖራል፤ እሱን ከእኅቶች መካከል ነባር አገልጋይ ትምራው።

የእኅቶች ተወካይ፦ በዚህ እስማማለሁ። «ዕረፍት» የሚለው ቃል ይሰረዝ።

ጤናና ደኅንነት (ኮምቦልቻ)፦ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ክልክል ይሁን። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ በአካባቢውም ቢልሃርዝያ አለ፤ እግር መንከርም ይቅር። ጀልባም ከዕቅዱ ይውጣ፤ ለሁሉም የሚበቃ ላይፍ ጃኬት ሳይኖር ግማሹን አሳፍሮ ግማሹን ማስቀረት ጣጣ ነው። ከደጋው ወርደው ሲሞቃቸው ውሃ የሚያጓጓቸው አዲሶቹ ናቸውና ከመኪና ሳይወርዱ ይነገራቸው።

ጸሐፊ (ደሴ)፦ በመዋጮው ላይ፦ መክፈል የማይችል ልጅ ስሙ በዝርዝር ላይ አይጻፍ፤ ለክፍል ተጠሪው በግል ይንገር። አንድ ቀሪ ነገር፦ የስም ዝርዝሩ ለግቢው ጥበቃ፣ የድስትና የድምፅ ማጉያ መውጫ ወረቀት ደግሞ ለንብረት ክፍል እስከ ረቡዕ ይግባ። ሐሙስ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ከሆነ ዓርብ ያው ቢሮው ዝግ ነው፣ ድስቱም በር ላይ ይቀራል።

ምግብ ክፍል፦ ድስቱን ከአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ብንዋስ ወረቀቱም አያስፈልግም። ነገ እጠይቃለሁ።