ፕሮቲን ጀምሬ የተነፋው ሆዴ ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ?

ቀጭኑ58፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጂም ከጀመርኩ 5 ሳምንቴ ነው፣ ኪሎዬ 58። ጓደኛዬ ፕሮቲን ካልጠጣህ ዝም ብለህ ነው የምትለፋው ሲለኝ ትልቁን ባልዲ ገዛሁና ጠዋትና ማታ በወተት እየበጠበጥኩ እጠጣለሁ፣ ግን ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቷል ክንዴ ላይ ደሞ ምንም ጠብ ያለ ነገር የለም። የምሰራው በየቀኑ ነው፣ ክንድና ደረት፣ እግር አልወድም። ፓውደሩን ልቀይር ወይስ መጠኑን ልጨምር?

ብረትገፊ፦ መጨመሩን ለጊዜው እርሳው ወንድሜ። ባልዲው ላይ ከፊት የተሳለውን ጡንቸኛ ሰውዬ ተወውና ከኋላ ያለችውን ትንሽዬ ሰንጠረዥ አንብብልን፣ አንድ መጠን ስንት ግራም ነው? ፕሮቲኑስ?

ቀጭኑ58፦ አንድ መጠን 150 ግራም ይላል። ፕሮቲን 30፣ ካርቦሃይድሬት 110።

ብረትገፊ፦ በቃ ተገኘ። የገዛኸው ጌይነር ነው፣ ኪሎ ለመጨመር የሚጠጣ ዱቄት። ከባልዲው አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፣ ከስታርች የሚሰራ ዱቄት። ዌይ (ከወተት የሚወጣ የፕሮቲን ዱቄት) ቢሆን ከ30 ግራሟ ማንኪያ ከ20 እስከ 25 ግራሙ ፕሮቲን ይሆን ነበር። ግን አትጣለው፣ አንተ ቀጭን ስለሆንክ ካሎሪው አይጎዳህም፣ ግማሹን አድርገህ በቀን አንዴ ጠጣ።

ነርስ ነኝ፦ በወተት ሳይሆን በውሃ በጥብጠው። ብዙ አዋቂ ሰው የወተት ስኳር (ላክቶስ) አይፈጭለትም፣ አንተ ደግሞ ላዩ ላይ ያን ሁሉ ዱቄት ጨምረህበታል፣ ሆድህ ምን ያድርግ። በውሃም ካልተሻለህ ሌላ ጊዜ ስትገዛ ላክቶሱ የተቀነሰለትን አይሶሌት (ይበልጥ የተጣራ ዌይ) ወይ የአተር ፕሮቲን ሞክር። የኩላሊት ችግር ካለብህ ግን ሐኪም ሳታማክር ምንም እንዳትወስድ።

ሙያ በቤት፦ እኔ የማይገባኝ ሰው ለምን ወደ ባልዲ እንደሚሮጥ ነው። ለሚሰራ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ገደማ ይበቃል፣ ላንተ በቀን 93 ማለት ነው። 3 እንቁላል 18፣ 150 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 45፣ 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18፣ ይኸው 81 ደረስክ፣ የቀረውን ዳቦውና ሩዙ ይሞላዋል።

ብረትገፊ፦ ልክ ነሽ፣ ግን ጠዋት ምንም የማይበላ ሰው አለ እኮ፣ ለሱ ፓውደር ይቀለዋል። ያው ምግብ ነው፣ አስማት የለውም።

ጋሼ ስኳት፦ ስለ ዱቄቱ ብዙ ተባለ፣ ስለ ስራው ግን ማንም አላወራም። ልጄ፣ ጡንቻ የሚያድገው አርፎ ሲጠገን ነው፣ አንተ ደግሞ ያንኑ ክንድ በየቀኑ ትቀጠቅጠዋለህ። በሳምንት 3 ቀን አድርገው፣ በመሀል አንድ አንድ ቀን እረፍት። በያንዳንዱ ቀን ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ አንድ የሚገፋ (ቤንች ወይ ፑሽ አፕ)፣ አንድ የሚጎተት፣ 3 ዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ አለቀ። ደብተር ያዝና ስንት ኪሎ ስንት ጊዜ እንዳነሳህ ጻፍ፣ 12 ጊዜው በ3ቱም ዙር ቅርጽህ ሳይበላሽ ሲሞላልህ ትንሿን ብረት ጨምር። ምንም የማይጨምር ሰው ባልዲ ሙሉ ቢጠጣም ያው ነው። ደሞ 5 ሳምንት ምን አላት? ገና መጀመሪያህ ነው፣ አሁን እየጠነከርክ ያለኸው ሰውነትህ እንቅስቃሴውን እየለመደው ስለሆነ ነው፣ መስታወቱ ቆይቶ ነው የሚያሳይህ።

ቀጭኑ58፦ እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክሬቲንስ (ለጉልበት የሚወሰደው ዱቄት)? ሁሉም ውሰድ ውሰድ ይለኛል።

ብረትገፊ፦ ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ከሆነ ይሰራል፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፣ ሰዓቱ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ላይ ኪሎ ስትጨምር ጡንቻ እንዳይመስልህ፣ ውሃ ነው። አሁን ግን አትቸኩል፣ መጀመሪያ ሆድህ ይረፍ።

ቀጭኑ58፦ ሪፖርት ላድርግ። ከ4 ቀን ጀምሮ በውሃ ነው የምጠጣው፣ ንፋቱ ቀሏል። ትናንት ስኳት ሰራሁ፣ ዛሬ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ይዤ በጎን ነው 😭

ጋሼ ስኳት፦ ሃሃሃ ነገ ይብስብሃል፣ አትደንግጥ። በእግርህ ቀስ እያልክ ተንቀሳቀስ እንጂ አትተኛ። ስለታም የመገጣጠሚያ ህመም ከሆነ ግን ንገረን።