አሲክሎቪሩን ሳነሳ ሴሎቹ አረንጓዴ ሆኑ፤ ቫይረሱ ተቀስቅሶ ነው ወይስ መጀመሪያም አልተኛም?

ጥያቄ (ፒፔት)

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የምሠራው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 በሚባለው ቫይረስ ላይ ነው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ምች የምንለውን የከንፈር ቁስል የሚያወጣው ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ፀሐይ ውዬ ከንፈሬ ሲቆስል እናቴ ዳማከሴ አሽታ ትቀባኝ ነበር። ቫይረሱ በነርቭ ሴል ውስጥ ዕድሜ ልክ ተኝቶ እንደሚኖር፣ ፀሐይም ከሚቀሰቅሱት አንዱ እንደሆነ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም።

ከአይጥ ፅንስ አንገት የወሰድኳቸውን የነርቭ ሴሎች ኤንጂኤፍ (ነርቭን በሕይወት የሚያቆይ የእድገት ፕሮቲን) እየሰጠሁ አሳደግሁ። ከዚያ 100 ማይክሮሞላር አሲክሎቪር (የቫይረሱን መባዛት የሚያግድ መድኃኒት) ጨምሬ፣ ዩኤስ11 የሚባለው ጂኑ ላይ ጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) የተቀጠለበትን ቫይረስ ሰጠኋቸው። 6 ቀን አንድም አረንጓዴ የለም። በ7ኛው ቀን ሚዲየሙን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) ሙሉ በሙሉ ቀይሬ አሲክሎቪሩን አነሳሁ። ቀስቃሽ ገና አልጨመርኩም። በሁለት ቀን ውስጥ ግን ከ24 ዌል (የሴል ማሳደጊያ ጉድጓድ) 9ኙ አበሩ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። እባካችሁ ምን ልፈትሽ?

መልስ (የነርቭ ሰው)

እህቴ፣ አይዞሽ፣ እኔም እዚሁ ላይ ወራት ፈጅቻለሁ።

መጀመሪያ፣ "6 ቀን አረንጓዴ የለም" የሚለውን አትመኚው። ዩኤስ11 መጨረሻ ላይ የሚሠራ ጂን ነው፤ የቫይረሱ ዲኤንኤ ካልተባዛ አይበራም። መባዛቱን ደግሞ አሲክሎቪር አግዶታል። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ቫይረሱ ነቅቶ እየታገለ ቢሆንም አንቺ የምታዪው ጨለማ ነው። አሲክሎቪሩን ከማንሳትሽ በፊት ከጥቂት ዌሎች አርኤንኤ አውጪ። ላት (ቫይረሱ ተኝቶ ሳለ የሚያመርተው አርኤንኤ) ከፍ ብሎ አይሲፒ27 (ሲነቃ ቀድሞ የሚሠራ ጂን) እጅግ ዝቅ ካለ ተኝቷል ማለት ትችያለሽ።

ሁለተኛ፣ ሚዲየሙን ለምን ሙሉ በሙሉ ቀየርሽው? ዊልኮክስና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ኤንጂኤፍ ሲነሳ ቫይረሱ ይቀሰቀሳል። ግማሹን ብቻ ቀይሪ፣ ሞቅ አድርገሽ፣ በቀስታ። ኤንጂኤፍሽ ስንት ጊዜ ቀልጦ ተመልሶ በረዶ እንደገባም እዪ።

ሌላው ከነርቮቹ ሥር የሚያድጉት ፋይብሮብላስቶች (ነርቭ ያልሆኑ፣ የሚከፋፈሉ ሴሎች) ናቸው። እነሱ ውስጥ ቫይረሱ አይተኛም። ቫይረሱን ከመጨመርሽ ቀናት በፊት የሚከፋፈሉ ሴሎችን በሚያስቆመው መድኃኒት፣ በአፊዲኮሊን፣ አጽጂያቸውና መድኃኒቱን እጠቢው።

መልስ (ጀማሪ)

ይቅርታ፣ ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ የሚባለውን የሴል ዘር ብትጠቀሚ አይቀልም? እኛ ላብራቶሪ ሞልቷል።

መልስ (የነርቭ ሰው)

ወንድሜ፣ እሱ የካንሰር ሴል ነው፣ ይከፋፈላል። ቫይረሱ የሚተኛው መከፋፈል ባቆመ ነርቭ ውስጥ ነው። አይጥ ማግኘት ከከበዳችሁ ሉህመስ የሚባለው የሴል ዘር ይሻላል። ቴትራሳይክሊን ሲጨመርበት መከፋፈሉን አቁሞ በሳምንት ገደማ ነርቭ ይሆናል፣ የሰውም ነው። ግን የአንጎል ዶፓሚን ነርቭ እንጂ የፊት ስሜት ነርቭ አይደለም። ይህን ሳትጽፍ ውጤት አታቅርብ።

ፒፔት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኤንጂኤፉ ቱቦ አምስት ጊዜ ቀልጧል፣ ምልክት አድርጌበት ነበር። በአዲስ ቱቦና በግማሽ ቅያሪ ደገምኩት፤ ከ24ቱ 2 ብቻ አበሩ። ኤልዋይ294002 (የኤንጂኤፍን ምልክት የሚያግድ ቀስቃሽ) የጨመርኩባቸው ደግሞ አብዛኞቹ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ሆኑ። ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የላትን መለኪያ ነገ እጀምራለሁ።