አዮዲን ያለውን ጨው አጥቦ መጠቀም ጉዳት አለው?

ወለተ ጎጃም (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም ሲሆን የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለባት፤ አንገቷ ላይ ያለውም ንቅሳት ለዚሁ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የተነቀሰችው ነው። የእርግዝና ክትትል ስጀምር አዮዲን ያለው ጨው ብቻ እንድጠቀም ተነግሮኛል። በቤታችን ግን ጨው የሚገዛው ከገበያ፣ ከተከፈተ ማዳበሪያ እየተሰፈረ ነው። አፈርና አሸዋ ስለማያጣው እናቴ በውኃ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅ ትወቅጠዋለች። ይህ አዮዲኑን ያጠፋዋል? የታሸገ ጨው ብንጀምርስ የእናቴ እንቅርት ይቀንሳል?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦

እኅቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። አዎን፣ ማጠቡ አዮዲኑን ይወስደዋል። በፋብሪካ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት የሚቀረው በጨው ፍሬው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ውኃ ሲያገኘው ከአፈሩ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ እርጥበቱና የፀሐዩ ሙቀት ደግሞ የተረፈውን ይቀንሱታል። ስለዚህ መታጠብ የማያስፈልገውን ንጹሕ ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

ጉዳዩ በደጋው አገር የሚብሰው ለዘመናት የዘነበው ዝናብ የአፈሩን አዮዲን አጥቦ ስለወሰደው ነው። በዚያ መሬት የበቀለው ጤፍም ሆነ ገብስ፣ በዚያ ሣር ያደገችው ላም ወተትም አዮዲናቸው አነስተኛ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን በመሆኑ፣ አዮዲን ሲያጥረው ያለችውን ለመሰብሰብ እየሰፋ ይሄዳል፤ እንቅርት የምንለው ይህን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው። ፅንሱ የራሱ ዕጢ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ፣ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚደርስ ከባድ እጥረት በኋላ በሕክምና የማይመለስ የአእምሮ ዝግመት ሊያስከትል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች 250 ማይክሮግራም ይመክራል። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፣ 5 ግራም ጨው 150 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ በቀን ከዚያ በላይ ጨው መብላት ደግሞ ለደም ግፊት አይበጅም። የቀረውን ከእንቁላል፣ ከወተትና ከመሳሰለው ለመሙላት ሞክሪ፤ በጾም ወራት እነዚህ ሲቀሩ ምን ማድረግ እንደሚሻል ከክትትል ባለሙያሽ ጋር ተነጋገሪ።

ጨው ነጋዴ፦

የተባለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙ በሙሉ በእናቶች ላይ መውደቁ ግን አይዋጥልኝም። እስከ 1990 ዓ.ም. አገራችን በአመዛኙ የምትጠቀመው ከአሰብና ከምፅዋ የሚመጣውን ጨው ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ገበያውን አፋር ውስጥ ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ተረከበው። እዚያ የሐይቁ ውኃ በፓምፕ ወደ ኩሬ ይገባና በፀሐይ ተንኖ ጨዉ ይቀራል፤ ለረጅም ጊዜ አብዛኛው ያለ አዮዲን ነበር የሚጫነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገድዷል። ይሁንና አዮዲኑ በጀርባ በሚታዘል መርጫ የሚረጭበት ጊዜ ነበር፤ በዚህ ዓይነት አሠራር አንዱ ማዳበሪያ ከልክ በላይ ሲያገኝ ሌላው ምንም ላያገኝ ይችላል። እናት አፈር ያለበትን ጨው ብታጥብ ምን ይፈረድባታል? ሳይጣራ የሸጥንላት እኛ ነን።

ጨው መንጣቱና መታሸጉም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመርመሪያ ጠብታው ካላቸው ጠይቂያቸው፤ ጨው ላይ ጠብ ሲያደርጉት አዮዲን ካለ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይለወጣል። መኖሩን እንጂ መጠኑን በትክክል አይናገርም፤ መጠኑ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው።

ሐኪም፦

ስለ እናትሽ ያልተመለሰውን ልጨምር። በልጆችና በወጣቶች ላይ ያለ ለስላሳ እንቅርት አዮዲን ሲስተካከል ሊቀንስ ይችላል፤ ለብዙ ዓመታት የቆየና እባጭ የያዘ ግን በጨው ብቻ አይጠፋም። እንዲያውም እንዲህ ያለ እንቅርት ያለባቸው አረጋውያን በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኙ፣ ዕጢው ከመጠን በላይ ሆርሞን አመንጭቶ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ክብደት መቀነስ ሊያመጣባቸው ይችላል። ይህ ማለት ጨዉን ይተዉ ማለት አይደለም፤ የታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ያድርጉ ማለት ነው። ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ የሚቸገሩ ከሆነ፣ ወይም ድምፃቸው ከጎረነነ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ለእንቅርት ብሎ መጠጣት ፈጽሞ አይገባም።

ወለተ ጎጃም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሚወለደው ልጅስ ምግብ ሲጀምር ጨው ልጨምርለት?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦

ዓመት እስኪሞላው ምግቡ ላይ ጨው አትጨምሪለት። አዮዲኑን የሚያገኘው ከጡትሽ ወተት ስለሆነ፣ እስክታስጥዪው ድረስ አንቺው በሚገባ ማግኘት አለብሽ።